ሄዶ ተመላሹ አባቴ

«አገርህ የት ነው?» ተብዬ «ዝቋላ» ስል ሰው ሁሉ «አቦ!» ይለኛል። አዲስ አበባ ውስጥ ታክሲ ላይም፣ ቢሮም፣ ለቅሶ ቤትም ያው ነው። ከቢሾፍቱ ወዲያ ያለውን ተራራና የገብረ መንፈስ ቅዱስን ገዳም አስበው «እንዴት የታደልህ ነህ» ይሉኛል። የእኔ ዝቋላ ሌላ ናት። ዋግ ኽምራ ውስጥ፣ ከሰቆጣ ወደ ተከዜ ቁልቁል የምትወርድ፣ ጽጽቃ የምትባል ትንሽ ከተማ ያለቻት፣ ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ የምትርቅ ቆላ። ፍየልና ግራር፣ ማሽላና ድንጋይ የበዛባት አገር። አባቴ ተወልዶ ያደገው፣ ወልዶ ያሳደገው፣ ሚያዝያ 2016 ላይም ያረፈው እዚያ ነው።

የቀብሩ ዕለት ብዙ ተባለለት። ለጋስ ነበር፣ ዳኝነት ያውቅ ነበር፣ ለንብ እጁ የተባረከ ነበር። ሁሉም እውነት ነው፤ ግን ለማንኛውም የዋግ ሽማግሌ የሚባል ነው። ከእሱ ጋር ፍየል ጠብቀው ያደጉ አንድ አዛውንት ብቻ፣ በትራቸው ላይ ተደግፈው፣ «ይመለስ ነበር» አሉ። ሌላ አልጨመሩም። ከከተማ አብረውኝ የመጡት ወዳጆቼ ነገሩ አልገባቸውም። የአገሬው ሰው ግን ራሱን ነቀነቀ።

ዋግ የሚሄድ ሰው አገር ነው። መሬቱ ሳስቷል፣ ዝናቡ ቀጠሮ አያከብርም፤ ሰኔ ላይ መጥቶ ነሐሴ ላይ የሚቀርበት ዓመት ብዙ ነው። ስለዚህ ወንዱ ይሄዳል። ድሮ ከአፋር የሚመጣው አሞሌ በሰቆጣ ገበያ ሲያልፍ ከነጋዴው ጋር ይሄድ ነበር፤ ኋላ ለሰሊጥ አጨዳ ሑመራና መተማ መሄድ መጣ። መሄዱ ነውር የለውም። ነውሩ ቀርቶ መቅረት ነው። ሑመራ ሄዶ እዚያው ሌላ ትዳር የመሠረተ፣ ገንዘቡን በጠጅ ቤት ጨርሶ ፊቱን ማሳየት ያፈረ፣ ወባ ወይም ካላዛር ይዞት ማንም ሳያውቅ የተቀበረ ሞልቷል። በየመንደሩ በሩን እያየች ያረጀች ሴት አለች። የቤት ሰው፣ የልጆች አባት የሚባለው በእኛ ዘንድ ከቤቱ የማይጠፋው አይደለም። የሚመለሰው ነው።

ለአባቴ ደግሞ ነገሩ ከዚህም ይጠብቅ ነበር። አባቱን አያውቀውም። ጣሊያን በገባ ጊዜ የዋግንና የላስታን አርበኛ የመሩት ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ በ1930 መግቢያ ላይ ሲገደሉና አንገታቸው ሲቆረጥ፣ አያቴ ከተከታዮቻቸው አንዱ ነበር ይባላል። በዚያው ቀረ። አባቴ የተወለደው በዚያው ዓመት ነው። የት እንደወደቀ፣ ማን እንደቀበረው የነገራቸው ሰው ስላልነበረ ሴት አያቴ ፀጉሯን ለመላጨትም ለመሠራትም ተቸግራ ዓመታት ቆየች አሉ። የዋግ ታሪክ ሲጻፍ ደጃዝማቹ ይነሳሉ፤ ከእሳቸው በፊትም ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው የነገሡት ዋግሹም ጎበዜ ይነሳሉ። ይገባቸዋል። እኔ ግን ያንን ታሪክ ባነበብሁ ቁጥር ልቤ የሚሄደው ደጅ ላይ ወዳለችው ሴትና ወደ ጨቅላዋ ነው። አባቴ ስለ አርበኝነት ሲወራ ዝም ብሎ ይሰማና «ጥሩ ሰው ነበር ይባላል፤ እኔ ግን አላየሁትም» ይል ነበር።

ወደ ሑመራ መሄድ የጀመረው በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ የሰሊጥ እርሻው ሲስፋፋ ነው። የተከዜ ውኃ ጋብ ሲል ከመንደሩ ሰዎች ጋር ስንቁን ይዞ ይወጣል። ማሽላው እስኪደርስ ወፍ የምንጠብቀው እኛ ነን፤ ማማ ላይ ወጥተን፣ ወንጭፍ ይዘን፣ ቀኑን ሙሉ ስንጮህ እንውላለን። እሱ አጨዳውን አጭዶ፣ የታሰረውን ሰሊጥ ሂላ አቁሞ፣ ሒሳቡን ተቀብሎ፣ ማሽላችን ሳይቆረጥ ይደርሳል።

ከመሄዱ በፊት የሚያደርገው አንድ ነገር ነበረው። ቤታችን መሐል ከደጋ የመጣ የወይራ ምሰሶ ቆሟል። ልጆቹን አንድ በአንድ ጠርቶ ምሰሶው ላይ ጀርባችንን ያስደግፈናል። «ተረከዝ!» ይላል፤ ተረከዛችንን እናስጠጋለን። መዳፉን አናታችን ላይ ጠፍጠፍ ያደርግና በቢላዋ ጫፍ ጭረት ያወጣል። ለእያንዳንዳችን የምሰሶው አንድ ጎን ተሰጥቶናል፤ የታላቅ እኅቴ በምድጃው በኩል፣ የእኔ በበሩ በኩል፣ የታናሽ እኅቴ ከመደቡ በኩል። ሲመለስ ጋቢውን ሳያወልቅ፣ እናቴ እግሩን ልታጥበው ውኃ እያሞቀች ሳለ፣ እንደገና ያቆመናል። ጭረቱ ከአናታችን ዝቅ ብሎ ከተገኘ ይስቃል። እንደ ዛሬ አባት አያቅፍም፣ አይስምም። በጣቱ በአሮጌው ጭረትና በአናታችን መካከል ያለውን ክፍተት ለክቶ ለእናቴ ያሳያታል። «እዪ» ይላታል በኽምጣኛ፤ ከእሷ ጋር የሚነጋገረው በእሱ ነው። አማርኛው ለገበያና ለቤተ ክህነት ነው፤ ትግርኛውንም ከአበርገሌ የፍየል ነጋዴዎች ጋር ሲከራከር ይመዘዋል።

ይህን ለምን እንደሚያደርግ ልጅ ሆኜ ጨዋታ ይመስለኝ ነበር። ኋላ ሳስበው የምርመራ ሥራ ነው። በሌለበት ጊዜ ቤቱ በልቶ እንደሆነ እናቴን ቢጠይቃት «ደኅና ነበርን» እንደምትለው ያውቃል። ጎረቤትም ቢጠይቅ ያው ነው። ምሰሶው ግን አያስመስልም።

በ1977 ሁላችንም ሄድን። ፍየሎቹ አልቀዋል፣ ዘሩ ተበልቷል፣ ከዚያ በላይ መቀመጥ አልተቻለም። በእግር በሰቆጣ በኩል ወደ ኮረም። በቢቢሲ ማይክል ቡርክ ያቀረበው፣ ሞሐመድ አሚን የቀረፀው የኮረም ምስል ለዓለም የታየው ጥቅምት 13 ነበር፤ ዓለም ኮረምን ሲያይ እኛ ገና አልደረስንም፣ መንገድ ላይ ነን። አባቴ ታናሽ እኅቴን አዝሎ፣ እኔን በእጁ ይዞ ይራመድ ነበር። ዳገት ሲሆን እኔን ያዝልና እሷን እናቴ ትቀበለዋለች፤ ሲደክማት እንደገና ይለዋወጣሉ። ስለ ኮረም ብዙ ሰው ብዙ ብሏል፤ እኔ የምጨምረው የለኝም። ታናሽ እኅቴ እዚያ ቀረች። የቀበራት እሱ ነው፤ በሰሌን ጠቅልሎ ይዟት ሲወጣ አይቻለሁ፣ ወዴት እንደወሰዳት ግን ለእናቴም በትክክል አላሳያትም።

ከዚያ የሠፈራው ነገር መጣ። በእነዚያ ዓመታት ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ የተወሰደው ሕዝብ ወደ 600 ሺህ ይጠጋል። አንዱ የአባቴ ዘመድ ቤተሰቡን ይዞ መተከል፣ ፓዌ ወረደ። አባቴንም አግባቡት፣ ገፋፉት። መሬቱ ለም ነው፣ ዝናቡ አይቋረጥም፣ ትራክተር ያርስላችኋል ተባለ። የመለሰው መልስ በዘመዶቻችን ዘንድ እስካሁን ይወራል፦ «እስከዛሬ የሄድሁበት ሁሉ መመለሻ ነበረው። ይህ የለውም።» የሠፈሩትን አይነቅፍም ነበር፤ ከፓዌ የመጣ ሰው ሲገኝ ስለ ዘመዱ ልጆች እየጠየቀ ያመሻል። ለራሱ ግን አልሆነለትም። እኛን ይዞ ለ1977 ክረምት የሚዘራ እፍኝ ዘር ተበድሮ ተመለሰ።

ቤታችን ጣሪያው ሳስቶ፣ ምሰሶው ቆሞ ጠበቀን። በገባን ማግስት አቆመኝ። «ተረከዝ» አለ፤ ድምፁ ቀስ ያለ ነበር። መዳፉ አናቴ ላይ ሲያርፍ ቢላዋው የቆመው አሮጌው ጭረት ላይ ነው። ትክክል እዚያው። አንድ ዓመት ከመንፈቅ አልፏል፣ እኔ ግን ጣት አልጨመርሁም። ቢላዋውን ወደ ሰገባው መለሰ፤ አዲስ ጭረት አላደረገም። በመደቡ በኩል ያለውን የታናሽ እኅቴን ጎን እሱም እናቴም አላዩትም፣ ወይም እንዳላዩ ሆኑ።

አባቴን እያነሳሁ ጻድቅ ላደርገው አልፈልግም። ታላቅ እኅቴን ገና በልጅነቷ ዳራት። በረሃብ ማግሥት አንድ አፍ መቀነስ ነበር፣ ዘመድም ማብዛት ነበር፤ ሰዉ ሁሉ ያደርገዋል። እሷ ሁለት ጊዜ ጠፍታ መጣች፣ ሁለቴም ራሱ ይዞ መለሳት። ከረሃቡ በኋላ የተወለደችው እኅታችን ለአቅመ ትምህርት ስትደርስ ግን ሌላ ሰው ሆኖ ተገኘ። ሽማግሌ ሲመጣ «ልጄ ትማራለች» ብሎ ሸኘ፤ ሰቆጣ ቤት ተከራይቶ፣ በርበሬና ሽሮ በአህያ ጭኖ እየወሰደ አስተማራት። የነሐሴ 16 ሻደይ ሲደርስ ከፍየሎቹ አንዱን ሸጦ ለሁለቱም፣ ለባለ ትዳሯም ለተማሪዋም፣ እኩል ቀሚስ ይገዛ ነበር። ታላቅ እኅቴ ቀሚሱን ትቀበላለች። ለቅሶው ላይ ሙሾ አውራጇ ስለ አባታችን ደግነት ስትደረድር እኅቴ ዝም ብላ ቆየችና፣ ማታ እኔና እሷ ብቻችንን ስንሆን «ደግ ነበር፤ ለእኔ ግን ዘግይቶ ነው ደግ የሆነው» አለችኝ። የምመልስላት አልነበረኝም። እሷም መልስ የጠበቀች አልመሰለኝም።

ከ1983 በኋላ እንደገና ወደ ሑመራ ሄደ፤ አሁን እንደ ድሮው በእግር ብቻ አይደለም፣ መንገድ ላይ ጭነት መኪናም ይገኛል። በስተርጅናው ወባ ይዞት ሲመጣ እናቴ «ይብቃህ» አለችው። በ1997 ሴፍቲኔት ሲመጣ የሚሄድበት ምክንያት ጎደለ፤ ጧት ተነስቶ ከመንደሩ ሰው ጋር እርከን ለመሥራት ድንጋይ ይሸከማል፣ እህሉን ወይም ገንዘቡን ተቀብሎ ማታ ቤቱ ይገባል። «ሑመራ መንደራችን ድረስ መጣ» እያለ ይቀልድ ነበር። በእርከኑ ላይ ብዙ ሰው ያማርራል፤ እሱ ግን ድንጋዩን ሲያስቀምጥ የቤት ግድግዳ የሚሠራ ይመስል ገጹን እያገላበጠ ነው።

የተከዜ ግድብ በ2001 ሲያልቅ ውኃው ወደ ኋላ እየተኛ ቆላውን ሞላው። ድሮ አባቴ እየተሻገረ ሑመራ የሚሄድበት መልካ ሐይቅ ሆነ። ወጣቶቹ በማኅበር ተደራጅተው ዓሣ ማስገር ያዙ፤ ዓሣው ሰቆጣ ገባ፣ ከዚያም አለፈ። አባቴ ዓሣ አልለመደም። እናቴ ጠብሳ ስትሰጠው አጥንቱን እያየ «ይሄ ሁሉ እሾህ ያለው ሥጋ ነው ወይስ ቁጥቋጦ?» ይላል። ለልጅ ልጆቹ ግን አጥንቱን በጣቱ እየለቀመ ያጎርሳቸው ነበር።

ቆርቆሮ ቤት የሠራነው በዚሁ ሰሞን ነው። ግንበኛው ምሰሶ አያስፈልግም አለ፤ ግድግዳው ይችለዋል። አባቴ ወይራውን ከአሮጌው ቤት አስነቅሎ አስመጣና መሐል አስቆመው። ግንበኛው «አባባ፣ ቦታ ያጣብባል እኮ» ቢለው «ልክ ነህ፣ ያጣብባል» አለና መሠረቱን ራሱ ቆፈረለት። የልጅ ልጆቹ ጭረት ከእኛ ጭረት መሐል እየገባ የማን የማን እንደሆነ የሚለየው እሱ ብቻ ሆነ።

ሐምሌ 2007 መንግሥት አንድ ቃል ገባ፤ በ2022 ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር ማስቀረት። ስሙም የሰቆጣ ቃል ኪዳን ተባለ፣ የመጀመሪያው ምዕራፍም በተከዜ ተፋሰስ ባሉ የአማራና የትግራይ ወረዳዎች ተጀመረ። መቀንጨር ማለት ልጁ ለዕድሜው የሚገባውን ቁመት ሳያገኝ መቅረቱ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የጎደለው ኋላ ላይ በቀላሉ አይካካስም። የጤና ኤክስቴንሽኗ ቤታችን መጥታ የታናሽ ወንድሜን ሕፃን መለኪያ ጣውላ ላይ ስታስተኛ አባቴ ከመደቡ ተነስቶ አጠገቧ ቁጢጥ አለ። እኔ በዓመት ፈቃድ ሄጄ እዚያው ነበርሁ።

«ተረከዙን አስጠጊው» አላት።

«አስጠግቻለሁ አባባ።»

ከዚያ የክንድ መለኪያዋን ባለ ቀለም ጥብጣብ አወጣች። ክንዱ ላይ ጠቅልላ አየችና «ቢጫ ነው» አለች።

«ቢጫ ምን ማለት ነው ልጄ?»

«ቀይ አይደለም፤ አረንጓዴም አይደለም። ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። ወተት፣ እንቁላል፣ ከተገኘም ዓሣ...»

«ዓሣውስ አለ» አለ አባቴ ወደ ማጀት እያየ። ያን ዕለት ማታ ለሰቆጣ ገበያ ያዘጋጃትን ታላቢ ፍየል ከበረት ለይቶ ለምራቱ አሰራት። ገንዘቡ ለማዳበሪያ ዕዳ የታሰበ ነበር፤ አበዳሪውን እንዴት እንዳስታገሠው አልነገረንም። ልጅቷ በሌላ ወር ስትመጣ ግን በር ላይ ተቀብሎ «አረንጓዴ ካልሆነ አትግቢ» አላት፤ ሳቀች፣ ገባች፣ አረንጓዴ ነበር።

እኔ ስለ ቃል ኪዳኑ በየስብሰባው ብዙ ንግግር ሰምቻለሁ፤ ሥራዬ ከዚያ ጋር ስለሚነካካ። ጥሩ ጥሩ ባለሙያዎችም አሉት። ነገር ግን ቁመት የአንድ ዓመት ምስክር መሆኑን ከአባቴ በላይ ያሳየኝ የለም፤ ማንበብ የማይችል ሰው ነበር።

በ2013 ክረምት ጦርነቱ ሰቆጣ ሲደርስ ስልክ ተቋረጠ። ለወራት አንዱ የሌላውን መኖር ሳያውቅ ቆየን። መጀመሪያ ያገኘሁት ድምፅ የእሱ ነው፤ ኔትወርክ ያለበት ኮረብታ ላይ ወጥቶ የሰው ስልክ ለምኖ። ስለ ራሱ አልተናገረም። የቤቱን ሰው በስም እየጠራ «አለ»፣ «አለች»፣ «አለ» እያለ ቆጠረልኝ፤ ወደ ማብቂያው «አንተስ?» አለኝ። የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23, 2015 ሲፈረም ሰላሙን ደስ ብሎት ተቀበለ። ዝናቡ ግን አልተፈራረመም፤ በቀጣዩ ክረምት ዝቋላን፣ ሳህላንና አበርገሌን ድርቅ መታቸው። ከብቱ ሞተ። አባቴ የተረፉትን ፍየሎች ይዞ ከጉድጓድ ጉድጓድ ሲዞር ከረመ፤ ዕድሜው ለዚያ አልነበረም። ሲደክመው እናቴ ልጆቹን ልትጠራ ፈለገች። «መንገዱ ውድ ነው፣ ተያቸው» አላት። እሷ ግን ደወለች፣ ደረስን።

የአርባው ተዝካር ጉዳይ ቤቱን ለሁለት ከፈለው። የእናቴ ታላቅ ወንድም የድሮ ሰው ነው፤ ተዝካር ያልወጣለት ሰው ነፍሱ ትንከራተታለች ባይ ነው። ጠላው ይጠመቅ፣ ካህናቱ ይጠሩ፣ ከአጎራባች ቀበሌ ሁሉ ሰው ይምጣ አለ። የቀሩትን ፍየሎች በቃሉ ያውቃቸዋል፤ የሚታረዱትን ለይቶ ጨርሷል።

«እቴ፣ ሰው ምን ይለናል? እንዲህ ያለ ሰው በባዶ ይሸኛል?»

እናቴ ጥቁሯን ጋቢ ተከናንባ ምሰሶው ሥር ተቀምጣለች። ቀና አላለችም።

«አያ፣ ፍየሎቹ ታላቢ ናቸው። ቤቱ ውስጥ አራት ሕፃን አለ።»

«አንዷን እንኳ?»

«አንዷንም። ቅዳሴውን ለደብሩ ተናግሬአለሁ፣ ፍትሐቱም ተፈትቷል፤ ራሱ በሕይወቱ እያለ ከንስሐ አባቱ ጋር ተነጋግሮ ጨርሶታል። ጠላ የለም። ንፍሮ ግን አለ፤ የመጣ ይዝገን።»